የአፕል ዛፍ ለምን ወቅቱን ይስታል? ከጣና ዳር እስከ እንጅባራ ደጋ

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል በባሕር ዳር አንዳንድ ግቢዎች የቆመውን የአፕል ዛፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግራ ይጋባል። በአንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሮዝ የነካው ነጭ አበባ ፈክቷል። ከአበባው አጠገብ ጥፍር የምታክል ፍሬ ተንጠልጥላለች። ዝቅ ብሎ ያለው የቅርንጫፉ ክፍል ግን ክንድ ለሚያህል ርዝመት ባዶውን ቀርቷል፤ እምቡጦቹ ግንዱ ላይ እንደተጣበቁ ደርቀው የሞቱ ይመስላሉ። ያለፈው ዓመት ቅጠልም ገና አልረገፈም። አበባ፣ ፍሬና አሮጌ ቅጠል በአንድ ቀን በአንድ ዛፍ ላይ ይታያሉ።

ይህን ያዩ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ ችግኙ ትክክለኛ ዝርያ አይደለም፣ ሻጩ አታልሎናል ይላል። ሌላው የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። በዚህ ላይ ከውጭ የሚሰማው ዜና ተጨምሮ ግርታውን ያበዛዋል፤ በአውሮፓ ሙቀት በመጨመሩ የአፕል ዛፎች ቀድመው እያበቡ ነው ይባላልና። እዚህ ግን ዛፉ ይዘገያል፣ ይንጠባጠባል፣ ወይም ጭራሹኑ አይነቃም። ሙቀት አንዱን ዛፍ አስቸኩሎ ሌላውን የሚያዘገየው እንዴት ነው? መልሱ ያለው በእምቡጡ እንቅልፍ ውስጥ ነው።

እምቡጥ ለምን ይተኛል?

አፕል (አንዳንዶች ፖም የሚሉት) ከየት እንደመጣ ማወቅ ጠባዩን ለመረዳት ይጠቅማል። የዱር ቅድመ አያቱ ዛሬም የሚበቅለው በመካከለኛው እስያ፣ በካዛክስታንና በአጎራባቾቿ ባሉት የቲየን ሻን ተራሮች ነው። እዚያ ክረምት የዝናብ ወቅት አይደለም፤ ምድር ለወራት በበረዶ የምትሸፈንበት ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ አገር በብርዱ ወራት መካከል ሁለት ቀን ፀሐይ ስለወጣ ብቻ አበባውን የሚከፍት ዛፍ በሦስተኛው ቀን ውርጭ ያቃጥለዋል፤ ዘርም አይተርፈውም። ዘር የተረፈው ፀሐይን ቶሎ የማያምነው፣ ብርዱ በቂ ጊዜ መቆየቱን ሳያረጋግጥ የማይነቃው ዛፍ ነው።

ይህ ጥንቃቄ በሳይንሱ አጠራር ዶርማንሲ ይባላል፤ በአማርኛ የእምቡጥ እንቅልፍ ብንለው ያስኬዳል። እንቅልፍ ነው እንጂ ሞት አይደለም። በዚያ ጠንካራ ቡናማ ሽፋን ውስጥ የሚቀጥለው ወቅት አበባ በጥቃቅኑ ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። የሚነቃውም በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ዝርያው የሚፈልገው የብርድ መጠን መሙላት አለበት፤ ይህ ካልሞላ የቱንም ያህል ቢሞቅ፣ የቱንም ያህል ውኃ ቢጠጣ እምቡጡ በወጉ አይከፈትም። ብርዱ ከሞላ በኋላ ሁለተኛው ቆጠራ ይጀምራል። አሁን የሚቆጠረው ሙቀት ነው፤ እሱ ሲሟላ ዛፉ ያብባል።

የመጀመሪያውን ቆጠራ ለመለካት የቆየው ዘዴ የቅዝቃዜ ሰዓት ይባላል። በቀላል አነጋገር፣ የአየሩ ሙቀት ከ0 እስከ 7.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል የቆየባቸው ሰዓታት ድምር ነው። (7.2 ያልተለመደ ቁጥር የሆነው መለኪያው በ45 ዲግሪ ፋራናይት ስለተጀመረ ነው።) ብዙዎቹ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች ከ800 እስከ 1,200 የቅዝቃዜ ሰዓት ይሻሉ። በአገራችን በስፋት የታወቁት አናና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዝርያዎች ግን ከ200 እስከ 300 በሚሆን ሰዓት ይረካሉ። አና በእስራኤል የተዳቀለች ናት፤ ዶርሴት ጎልደን የተገኘው በባሃማስ ደሴቶች ነው። ሁለቱም ለሞቃት አገር የሚስማሙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብርድ የማይፈልጉ አይደሉም።

ዛፎች የሚያቆጠቁጡበትን፣ የሚያብቡበትን፣ የሚያፈሩበትንና ቅጠል የሚያራግፉበትን ጊዜ ከአየር ጠባይ ጋር አያይዞ የሚያጠናው ዘርፍ ፌኖሎጂ ይባላል። ስሙ የባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው መስከረም መጥባቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ዕውቀት በእጁ ይዟል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ዛፎች ወቅትን የሚያውቁት በቀን ብርሃን ርዝመት ነው። አፕል ግን በዚህ ይለያል፤ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት አፕልና ፒር የሚተኙትም የሚነቁትም በብርሃን ርዝመት ሳይሆን በቅዝቃዜ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። በጣና አካባቢ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ልዩነት ነው፤ ዛፉ ብርሃንን የሚያዳምጥ ቢሆን እንኳ እዚህ የሚሰማው ነገር ትንሽ ነበር። ለአፕል ያለው ሰዓት ብርድ ብቻ ነው። ያ ሰዓት ሲዛባ የሚያርመው ሌላ ምልክት የለውም።

አንድ ሙቀት፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት

የአውሮፓው ዜናና የባሕር ዳሩ ዛፍ የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው። የሙቀት መጨመር ሁለቱንም ቆጠራዎች ይነካል፤ የሚነካቸው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የብርዱን ቆጠራ ያጓትታል፣ የሙቀቱን ቆጠራ ያፋጥናል። ብርድ በተትረፈረፈበት በጀርመን ወይም በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው መጓተት አይሰማም፤ ብርዱ ከሚያስፈልገው በላይ ነውና። ስለዚህ ሁለተኛው ያመዝናል፤ ዛፉ ቀድሞ ያብባል።

ቀድሞ ማበብ ጥሩ ዜና ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት የመጋቢት ወር ከልክ በላይ ሞቀ፤ ዛፎቹ ሳምንታት ቀድመው ነቁ፤ በሚያዝያ ውርጭ ተመላልሶ መጣና ከአፕል ምርቷ 90 በመቶ ያህሉ ጠፋ። በ2017 የሚያዝያ ውርጭ አውሮፓን መትቶ የአፕል ምርቷን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አወረደው። በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱን ያደረሰው ውርጩ ብቻውን አይደለም፤ ዛፉ ከወቅቱ በፊት ነቅቶ መገኘቱ ነው።

ብርድ በብዛት በማይገኝበት አገር ግን የሚያመዝነው የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ዛፉ ሳይጠግብ እንደሚነሣ እንቅልፋም ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ያሉት እምቡጦች ይነቃሉ፣ የጎኖቹ ይተኛሉ፣ አንዳንዶቹ ከሁለት ወር በኋላ ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ይደርቃሉ። በግቢው ዛፍ ላይ የታየው ይኸው ነው።

ሌሊት ያስቀመጠውን ቀን ያወጣዋል

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የተነገረው በከንቱ አይደለም፤ ደመናው ሲገፈፍ የደጋው ሌሊት ይበርዳል። ይሁንና የእኛ ብርድ ከቲየን ሻን ብርድ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። እዚያ ብርዱ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ለሳምንታት ይቆያል። እዚህ ብርድ የሌሊት እንግዳ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ይጠነክራል፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ይሄዳል።

ይህ ልዩነት በቆጠራው ላይ ከባድ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው የዩታ ስሌት ከ16 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት የተጠራቀመውን ብርድ እንደሚቀንሰው አድርጎ ይቆጥራል። በ1980ዎቹ በእስራኤል የተሠራው ስሌት ደግሞ ነገሩን በሁለት ደረጃ ያየዋል፦ ብርድ በእምቡጡ ውስጥ አንድ ነገር ይገነባል፤ ሥራው ሳያልቅ ኃይለኛ ሙቀት ከመጣ የተጀመረው ይፈርሳል፤ ካለቀ በኋላ ግን አይፈርስም። በባሕር ዳር የታኅሣሥ ቀትር 26 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሌሊት በእምቡጡ ሣጥን ያስቀመጠውን ቀን ያወጣዋል እንደ ማለት ነው። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ለሞቃት አገር ደጋዎች ተራውን የቅዝቃዜ ሰዓት ሳይሆን የእስራኤሉን ስሌት የሚመርጡት።

አሁን የአየር ንብረት ለውጡን እንጨምርበት። አንድ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል የአየሩ ሙቀት ወደ 6.5 ዲግሪ ወረደ እንበል። ከ7.2 በታች የቆየው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። እንዲህ ያሉ 60 ሌሊቶች ቢገኙ ድምሩ ከ120 እስከ 180 ሰዓት ይሆናል። በእያንዳንዱ ሌሊት ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ጨምሩ፤ ዝቅተኛው ሙቀት 7.5 ይሆናል። የቀረው የቅዝቃዜ ሰዓት ስንት ነው? ዜሮ። አንድ ዲግሪ ሲባል ትንሽ የሚመስለን የቀትሩን ሙቀት እያሰብን ስለሆነ ነው። በመስመሩ ጠርዝ ላይ ለቆመ ዛፍ ግን አንድ ዲግሪ የእንቅልፉ ሙሉ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

የሚሞቀውም በተለይ ሌሊቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ባሳተመው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት መግለጫ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። በዚያው ሰነድ ከ1960 እስከ 2003 በዓመት ውስጥ ያሉት ሞቃት ቀናት በ73 ሲጨምሩ ሞቃት ሌሊቶች በ137 ጨምረዋል። አፕል ብርዱን የሚሰበስበው በሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ለእሱ ከቀትር ግለት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የባሕር ዳሩ ዛፍ ጥፋተኛ ማን ነው?

ታዲያ ግቢ ውስጥ ያለውን ዛፍ ያወከው የአየር ንብረት ለውጥ ነው? በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ደግሞ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። በኢትዮጵያ አፕል መጀመሪያ የለመደው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ወደ ስድስት ዲግሪ ይጠጋል። ሙቀት ባይጨምርም የጣና ዳርቻ ለአፕል ሞቃት ነበር።

ሐይቁም የራሱ ድርሻ አለው። ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ውኃው ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ የዳርቻው ሌሊት ለዘብ ይላል። ይህ ለማንጎና ለሎሚ በረከት ነው። ለአፕል ግን በጨለማ የምትሰበሰበውን ጥቂት ብርድ የሚቀንስ ነው። በአስፋልትና በግንብ የተከበበ የከተማ ግቢም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሰው አፕል ካልተከልኩ ካለ፣ ከሐይቁ ዳር ይልቅ ራቅ ብሎ፣ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወርዶ የሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ይሻለዋል።

ችግኙን ሻጩ አታሏል የሚለው ጥርጣሬም ከግማሽ በላይ ስህተት ነው። ትክክለኛ አና ችግኝም በተሳሳተ ከፍታ ላይ ይህንኑ ያሳያል። እውነት የሚኖረው ለባሕር ዳር ነዋሪ ዛፉ የሚፈልገው ብርድ ሳይነገረው ሲሸጥለት ነው።

ዋናው ጉዳት ከፍ ብሎ ነው

ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ የሚጎዳው፣ እውነተኛው ጉዳት የሚደርስበትን ቦታ ስለሚያስረሳን ነው። ያ ቦታ የጣና ዳርቻ አይደለም። ከ2,200 እስከ 2,600 ሜትር ያለው፣ አፕል እስካሁን ለጥቂት የሚበቃውን ብርድ ሲያገኝበት የቆየው ወገብ ነው። በአዊ፣ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ደጋዎች ገበሬዎች አፕል የተከሉት ለግቢ ጌጥ አይደለም፤ ትንሽ መሬት ከድንችና ከገብስ የተሻለ ገንዘብ እንድታስገኝ ነው። ዛፉ ለማፍራት ዓመታት ይወስዳል፤ ካፈራ በኋላም ለአሥርት ዓመታት እንዲቆይ ይጠበቃል። ዛሬ የተተከለ ችግኝ የሚያፈራው በነገው አየር ነው።

እዚያ የእምቡጡ መነቃቃት ሲዛባ ምን ይከተላል? የመጀመሪያው ጉዳት በአበባ ዱቄት ላይ ነው። አብዛኛው አፕል በራሱ ዝርያ ዱቄት አያፈራም፤ አናና ዶርሴት ጎልደን ጎን ለጎን የሚተከሉት አንዱ ሌላውን እንዲያራባ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ካላበቡ ንብ የምትወስደው ዱቄት የላትም። ለንብም ቢሆን ጎጃም ማር የሚቆረጥበት ትልቁ የአበባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በደረቁ ወራት ተንጠባጥቦ የሚያብብ ዛፍ በቂ ጎብኚ ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ለዓይን ቶሎ የማይታይ ነው። የማይነቁት የአበባ እምቡጦች ብቻ አይደሉም፤ የቅጠል እምቡጦችም ናቸው። ቅጠል ያነሰው ቅርንጫፍ ፍሬውን የሚመግብበት ስለሌለው ፍሬው ያንሳል፣ የተራቆተውን ቅርፊት ፀሐይ ይመታዋል፣ ዛፉም ከዓመት ዓመት ይዳከማል። ዘግይቶ ያበበው አበባ ፍሬ ደግሞ የሚደርሰው የሐምሌ ዝናብ ላይ ነው፤ ርጥበትና የፈንገስ በሽታ ይጠብቁታል። አንዳንዶች ፍሬው በተለያየ ጊዜ መድረሱ ጥቂት ጥቂት ለሚሸጥ ቤተሰብ ይጠቅማል ይላሉ። ለሦስትና ለአራት ዛፍ ይህ ልክ ነው። ብዙ ዛፍ ላለውና በጭነት ለሚሸጥ ማኅበር ግን አይሠራም፤ ነጋዴ መኪናውን ይዞ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ለሚሞላ ጭነት ነው።

ወደ ላይ መውጣትስ? በህንድ ሂማቻል ፕራዴሽ የአፕል እርሻ ከዝቅተኛው ሸለቆ እየለቀቀ ወደ ኪናውርና ላሃውል ወጥቷል። በእኛም አንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚስማማው ከፍታ 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። ነገር ግን ተራራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠባል። በአዊ ደጋ ያለውን መሬት ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ይሻማዋል። የጉናና የጮቄ አናት ደግሞ የግጦሽ ቦታና የወንዞች ምንጭ ነው፤ ወደ ጣና የሚገቡት ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ጥርት ባለ ሌሊት የሚወርደው ውርጭም አለ። ከታች የብርድ እጥረት፣ ከላይ ውርጭ፤ ለዛፉ የሚተርፈው ወገብ ጠባብ ነው።

ዛፉን ማንቃት ይቻላል?

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ስጋት የተጋነነ አድርገው ያዩታል፤ ክርክራቸውም ክብደት አለው። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ ባቱ በተባለች ከተማ ዙሪያ (ስሟ ከእኛው ባቱ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ናት) ገበሬዎች በምድር ወገብ አቅራቢያ ለአሥርት ዓመታት አፕል አምርተዋል። ምስጢራቸው ቀላል ነው፦ ምርቱን ከሰበሰቡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠሉን በሙሉ በእጅ ይለቅማሉ። እምቡጡ ገና ጥልቅ እንቅልፍ ሳይዘው ቅጠሉ ስለተነሣበት ያቆጠቁጣል። በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። እንቅልፍ ውስጥ ያልገባ ዛፍን በብርድ መቀስቀስ አያስፈልግም።

ዘዴው ለእኛም የሚሠራ ነው፤ ጉልበት ላለውና ጥቂት ዛፍ ለያዘ ቤተሰብ ከማንኛውም ኬሚካል ይሻላል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። እንቅልፉ ከጠለቀ በኋላ ቅጠል መልቀም ዛፉን ማራቆት ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ባቱ ራሷ በቅርብ ዓመታት እየሞቀች ነው፤ አፕሉን ነቅለው ወደ ብርቱካን የዞሩ ገበሬዎች መኖራቸው ተዘግቧል። ሃይድሮጂን ሳያናማይድ የተባለው እምቡጥ ቀስቃሽ ኬሚካል በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ መርዛማነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ግን በአውሮፓ ኅብረት እንዳይሸጥ ተደርጓል። የእጅ ጓንትና የፊት መከለያ በማይገኝበት ቀበሌ እሱን ማስፋፋት አይገባም ባይ ነኝ።

በአንድ መንገድ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ

ለዚህ ጥያቄ የሚበጀው መረጃ የሚጀምረው ከቀን መዝገብ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚወጣው አስፋልት የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ዳንግላ 2,100 ገደማ፣ እንጅባራ 2,500 ገደማ። በሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ዝርያ ያለው ዛፍ ተመርጦ ቅጠሉ የረገፈበት፣ የመጀመሪያው እምቡጥ የተከፈተበት፣ ግማሹ አበባ የፈካበትና ፍሬው የተለቀመበት ቀን በየዓመቱ ቢጻፍ፣ ከአጠገቡም የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ቢሰቀል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በግምት ሳይሆን በቁጥር መነጋገር ይቻላል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከዚሁ መንገድ መነሻ ላይ ናቸው፤ የአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ክበብም ሊጀምረው ይችላል።

ጥቅሙ ለአፕል ብቻ አይደለም። የዘጌ ቡና የሚያብበው ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነው፤ ብርድ አይጠብቅም። የዳርቻው ማንጎ ግን አበባ ለመያዝ ቀዝቀዝ ያሉ ሌሊቶችን ይፈልጋል። የሌሊቱ መሞቅ ነገ እሱንም የሚመለከት ከሆነ መዝገቡ ቀድሞ ያሳየዋል። በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ያለው የ400 ሜትር ልዩነት በሙቀት ሲተመን ከሁለት ዲግሪ ተኩል ይበልጣል። አንድ የእንጅባራ ገበሬ ዛሬ የሚተክለው አና አየሩ በዚያን ያህል ቢሞቅ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለገ፣ በጥር አንድ ቀን ዳንግላ ድረስ ወርዶ የዚያን ዛፍ የጎን እምቡጦች በጣቱ እየዳሰሰ መቁጠር ይችላል፤ ስንቱ ለምልሟል፣ ስንቱ ተኝቷል፣ ስንቱ ደርቋል።